የራስህን ጊታር ከመግዛትህ በፊት

አያት አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ወንድም ለሦስት ዓመት በተዋሰው ጊታር አገልግሏል። እናቱ ዕቁብ ሲደርሳቸው «ልጄ፣ አሁንስ የራስህን ግዛ» አሉት። ደስታው ግን ወዲያው ወደ ጭንቀት ተለወጠ፤ የእናት ገንዘብ አንዴ ከባከነ አይመለስምና!

አንተም እንደ እርሱ ከጀማሪነት አልፈህ ከሆነ ይህን ልብ በል። ስም ብቻ አትግዛ። ስኳየር የፌንደር፣ ኤፒፎን ደግሞ የጊብሰን ቤተሰብ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከታላላቆቻቸው በብዙ ይቀንሳል። ያማሃ ፓስፊካ 112 ሁለት ነጠላና አንድ ድርብ ፒክአፕ ስላለው ለለስላሳውም ለሞቅ ያለውም ዝማሬ ያገለግላል። ለየት ያለ ድምፅ የምትሻ ከሆነ ዳንኤሌክትሮን ሞክር። ይህ ድርጅት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ጊታር ሠርቶ፣ ፒክአፑን በሊፕስቲክ ቀፎ ውስጥ በማስገባት የራሱን ቀለም ያገኘ ነው። ርካሽነቱ ልዩ ከመሆን አላገደውም።

ያገለገለ ጊታር ስትገዛ አንገቱ አለመጣመሙን አይተህ አረጋግጥ። እያንዳንዱን ክር መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ይዘህ ምታ፤ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መሰማት አለበት። አምፕሊፋየር ላይ ሰክተህ ሳትሰማ ገንዘብ አትቁጠር። በመጨረሻም ትዝታንና ባቲን ተጫወትበት፤ የምታገለግለው በራስህ ቅኝት ነውና።

ወንድማችን ያገለገለውን መረጠ። በተረፈው ገንዘብ መለዋወጫ ክር ገዛ፤ ቀሪውን ለእናቱ መለሰ። የመጀመሪያዋ አድማጩም እርሳቸው ሆኑ።