«ነጻ ሕክምና መጣ!» ሲባል ቀድመን የምንጠይቀው፦ ሲሄዱስ?

«ከውጭ የመጡ ሐኪሞች በነጻ ሊያክሙ ነው» የሚል ፖስት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ወዲያው ሼር እናደርጋለን፣ ቤተሰብ ጋ እንደውላለን። ዓይኗ የደከመ አያት ያለን ደግሞ ቀን መቁጠር እንጀምራለን። ደስታው ተገቢ ነው፤ እኛም ደስ ይለናል።

አንድ ጥያቄ ግን አብሮ መነሳት አለበት። ቡድኑ ሳምንቱን ጨርሶ ሻንጣውን ሲዘጋ፣ በማግሥቱ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው የማንን በር ያንኳኳል?

ዛሬ ይህን የበጎ ፈቃድ የሕክምና ጉዞ (ብዙዎች «ሜዲካል ሚሽን» የሚሉትን) እንደ ጫግኒ ባለ ከተማ ዓይን እናየዋለን።

ጫግኒ ላይ ምን አለ?

ጫግኒ በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስና ወደ ህዳሴው ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ያላት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። በሀገራችን አደረጃጀት እንዲህ ያለ ሆስፒታል የሚታሰበው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነው። ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይታሰብለታል።

ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ጫግኒ ራንች መጠለያ ሲገቡ እቅዱን ማንም አላማከረውም። ታማሚ ደግሞ የዞንና የክልል ወሰን አይቶ አይታመምም።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወሊድንና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናን ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲሆን «ሪፈር» ይባላል፤ ወደ እንጅባራ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር። ሪፈር ማለት ለገበሬው ቤተሰብ የመኪና ሂሳብ፣ የማደሪያ፣ የአስታማሚ ወጪና የተተወ እርሻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ሪፈሩ ወረቀት ሆኖ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ሐኪም እስከ ደጃፍ ሲመጣ ሰው ቢሰለፍ አይገርምም።

አንድ ሳምንት የሚበቃው በሽታ አለ

እውነቱን እንናገር፦ አንዳንዱ ሕመም ለአጭር ጉዞ የተመቸ ነው። ለምሳሌ የዓይን ሞራ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ የዚህ ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ በሰው ተመርታ የመጣች እናት የልጇን ፊት ታያለች። እዚህ ላይ ዘመቻ ይሠራል።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ግን እንዲህ አይደሉም። ለአንድ ወር የሚሆን ኪኒን ሰጥቶ መሄድ በሁለተኛው ወር ሰውየውን ወደነበረበት መመለስ ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምናም ያው ነው። ቁስሉን የሚያይ፣ ደም ቢፈስ የሚደርስ፣ ስፌት የሚፈታ ባለሙያ ቡድኑ ከሄደ በኋላም ያስፈልጋል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ቀድሞም ሥራ የበዛበት የጫግኒ ነርስና ሐኪም ነው።

እውቀት ትተው የሄዱት

የሚቀር ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሦስት ምሳሌ እንውሰድ።

አንደኛ፦ ሐምሊኖች። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ። እዚያ በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች አዩና ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ቤታቸው እዚሁ ነበር።

ዋናው ነገር ግን መቅረታቸው ብቻ አይደለም፤ ማስተማራቸው ነው። ማሚቱ ጋሼ ታማሚ ሆና ገብታ፣ ፊደል ሳትቆጥር እጇን በሥራ አሠልጥና የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይመልሳል። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ ከጫግኒ የምትሄድ ሴት አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት የለባትም።

ሁለተኛ፦ የቶሮንቶ ሐኪሞች። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግረው በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር እየመጡ ማስተማር ጀመሩ። የሀገሪቱን ታማሚ ሁሉ እናክም አላሉም፤ አካሚዎቹን አሠለጠኑ። የስፔሻሊስቶቹ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንድ ወር አጭር ነው፤ ግን ተደጋገመ፣ ተማሪዎቹም እዚሁ ሀገር ናቸው።

ሦስተኛው እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያለ ነው፦ ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል። ካርተር ሴንተር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር ሲሠራ አንዱ መንገድ ነርሶችን ለዚህ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ነበር። ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ሊቀለበስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታካሚዋ የምታውቃት ነርስ ጤና ጣቢያዋ ውስጥ ካለች ትመለሳለች። የማታውቀው እንግዳ ከሆነ ግን የት ብላ ትፈልገው?

በጎ ፈቃድ ብቻውን ሲሆን

ሌላውንም ገጽ እንይ። ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ከተማ ውስጥ የሕክምና ትምህርት የሌላት አንዲት አሜሪካዊት በጎ ፈቃደኛ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የምትቀበል ማዕከል ከፍታ ነበር። ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከገቡት ከ900 በላይ ሕፃናት ከ100 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ልጆቹ በጣም ታመው የመጡ ስለነበሩ ሁሉም በእሷ እጅ ሞቱ ማለት አይቻልም። ሁለት እናቶች ግን ከሰሱ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥፋት ሳይታመን በካሳ ስምምነት ተዘጋ። የሙያ ፈቃድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቅን ልብ ዲግሪ አይሆንም።

ዕቃም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በ16 ሀገራት ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ተመልክቶ ከ100ው 38 ያህሉ እንደማይሠሩ አገኘ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ መለዋወጫ የለም፣ የሚጠግን የለም፣ መመሪያው ጠፍቷል። ከአሜሪካ በ110 ቮልት የሚሠራ ማሽን አምጥቶ በቀጥታ በእኛ 220 ላይ መሰካትማ ማቃጠል ነው። መድኃኒትም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ እዚህ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ሊቀረው ይገባል ይላል።

ዲያስፖራ ዘመዳችሁ «ቡድን ላመጣ ነው» ካለ

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ላኩለት፦

1. ሆስፒታሉ ምን እንደጎደለው ራሱ ተጠይቋል? ወይስ ዝርዝሩ ውጭ ሀገር ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው?
2. ሁሉም ባለሙያዎች ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ አላቸው? መድኃኒቱስ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ነው የሚገባው?
3. ከእያንዳንዱ እንግዳ ሐኪም ጎን የሚማር የሆስፒታሉ ባለሙያ ተመድቧል?
4. ከሄዳችሁ በኋላ ታካሚውን ማን ያያል? ካርዱ ላይ ተጽፎ ሆስፒታሉ ይቀራል?
5. በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳላችሁ?

አምስተኛውን «አይ» ካለ ጉዞው ይቅር አንልም። ሦስተኛውና አራተኛው ግን መልስ ከሌላቸው ገንዘቡ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻላል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ ባሕር ዳር ሄዳ እንድትሠለጥን።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ዛሬ ብዙ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ እያስጠነቀቁ ነው። እንግዳው ላይመጣ ይችላል። መንገድ በተዘጋ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የሚያዋልደው እዚያው ያለው ሰው ነው። እሱ ምን ያህል ያውቃል? ምን ያህል ዕቃ አለው? የጫግኒ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

እኛስ?

ሐኪም መሆን የግድ አይደለም። ጫግኒና አካባቢው ላይ አገውኛ፣ አማርኛ፣ ጉሙዝኛ ይነገራል። ሐኪሙ «የት ጋ ያምዎታል?» ሲል እናቴዋ በራሳቸው ቋንቋ እንዲመልሱ የሚያደርግ ወጣት ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ሰልፍ ማስያዝ፣ ስም መመዝገብ፣ ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ቁስሉ እንዴት ሆነ?» ማለት እናንተ በያዛችሁት ስልክ የሚሠራ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ የምትሳተፉ ተማሪዎች ከዚህ ጀምሩ።

አንድ አደራ ደግሞ፦ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ኮንቴንት አይደለም። ሳይፈቅድ ፊቱን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። አያታችሁ ብትሆን አትፈልጉትም።

ቀጣዩን «ነጻ ሕክምና መጣ» ፖስት ሼር ስታደርጉ ታዲያ ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «ሲሄዱስ ማን ያየናል?»