ምላጭና ሞረድ፦ የአየር ጠመንጃ ለምን ይባርቃል?

የአየር ጠመንጃ ምላጭ የሚከብደው ሆን ተብሎ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ባለ ሞላ ጠመንጃዎች ምላጫቸው እስኪለቅ ድረስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎ የሚያህል ስበት ይጠይቃሉ። ጣት ሳያስበው እንዳይስበው፣ ልጅ በጨዋታ ነክቶት እንዳይተኮስ፣ ጠመንጃው ከእጅ ቢወድቅ እንዳይባርቅ ተብሎ የተጨመረ ክብደት ነው። ተኳሹ ግን አይወደውም። ከምላጩ ጋር ሲታገል እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፈሙዙ ይዞራል፣ ጥይቷም ከኢላማው ጎን ታልፋለች። ስለዚህ ጠመንጃውን ካቻቪቴና ሞረድ ወዳለው ሰው ይወስድና «ምላጩን ትንሽ አለስልስልኝ» ይላል።

ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሞክር እጅ አያጡም። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀውና በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና ጋራዥና ብየዳ ቤት ሞልቶባታል። የተሰበረ ባሌስትራ አስተካክሎ ተሳቢ የሚያስነሳ ባለሙያ፣ በሁለት ብሎን የታሰረች ምላጭ ምን ታቅተዋለች? አታቅተውም። ፈትቶ፣ ሞርዶ፣ ገጥሞ ይመልሳታል፤ ባለቤቱም ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ «እንደ ቅቤ ሆነልኝ» እያለ ይሄዳል። በደንብ ያልታሰረ ባሌስትራ ከተማዋን ሳይለቅ ያስታውቃል። የተበላሸ ምላጭ ግን ወራት ቆይቶ፣ ጭራሽ ሥራውን ባላዘዘ ሰው እጅ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት የጠመንጃውን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። ከሰደፉ ፊት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ጀርባ ደግሞ ወፍራም ሞላ። ተኳሹ ሲያቀባብል አፈሙዙን ወደ ታች ይሰብረዋል፤ ከአፈሙዙ ጋር የተያያዘው ክንድ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ መጨረሻ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያኔ አንዲት የብረት ጥርስ ፒስተኑ ላይ ያለውን ቁርጥ ነክሳ ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ የታመቀ ግፊት፣ በአስር ኪሎዎች የሚቆጠር ኃይል፣ በዚያች ጥርስ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጥርሷና ቁርጡ የሚነካኩበት ወርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ምላጩ ሲሳብ ጥርሷ ትንሸራተታለች፣ ሞላው ይፈታል፣ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ከፊቱ ያለውም አየር ተጨምቆ ጥይቷን ያስወነጭፋታል። ባሩድ የለ፣ ጭስ የለ።

ጥርሷ ላይ ያለው ብረት ወጥ አይደለም። በብዙዎቹ ጠመንጃዎች ላይ ላዩ ብቻ በእሳት እንዲጠነክር ተደርጓል፤ የጠነከረው ሽፋን ከሚሊ ሜትር በታች ስስ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው። ሞረድ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ያን ሽፋን ሲልጠው ምላጩ በእርግጥ ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ለስላሳው ብረት በእያንዳንዱ ተኩስ ይበላል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ደህና ነው። አምስት መቶ፣ ሺህ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ጥርሷ ክብ ትሆናለች፤ አንድ ቀን ጠመንጃው ተቀባብሎ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ፣ ወይም ሰደፉ መሬት ሲነካ፣ ማንም ሳይነካው ይባርቃል።

ከመበላቱ የባሰው የአንግሉ ነገር ነው። በር ላይ የተጣለ መቀርቀሪያ ጫፉ ቀጥ ያለ ከሆነ በሩ በተገፋ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል፤ ጫፉ ተሞርዶ ወደ ጎን ካዘነበለ ግን ግፊቱ ራሱ እያንሸራተተ ያስወጣዋል። የጠመንጃዋም ጥርስ እንዲሁ ናት። በፋብሪካ ስትቆረጥ ሞላው በገፋት ቁጥር ወደ ውስጥ እንድትነክስ ተደርጋ ነው። በእጅ የያዙት ሞረድ ሁለት ሦስት ዲግሪ ካዘነበለ፣ ፒስተኑን የሚገፋው ያው ሞላ ጥርሷን ከቦታዋ እያባረራት ነው ማለት ነው። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም። ለዚህ የሚሆን መለኪያ በጋራዦቻችን ውስጥ የለም፤ ባለሙያዎቹን ለማሳነስ የምለው አይደለም፣ ለመኪና ሥራ የሚያስፈልግ መሣሪያ ስላልሆነ ነው።

ሞረድ የማይነኩ፣ ሞላ ብቻ የሚቀይሩም አሉ። ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ትንሽ ሞላ አውጥተው በእስክሪብቶ ሞላ ይተኩታል ወይም ሁለት ዙር ቆርጠው ይጥሉለታል። ምላጩ ይቀልላል፤ ግን ጥርሷ በሙሉ ወርዷ መመለሷን የሚያረጋግጠው ያ ሞላ ነበር። በግማሽ ነክሳ የቆመች ጥርስ «ቀጭ» ትላለች፣ ተኳሹም ደህና ተቀባበለ ብሎ ያምናል። ፋብሪካዎች ሳይቀሩ በዚህች ቦታ ላይ ተሰናክለዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴል 700 የተባሉ ጠመንጃዎቹን፣ እነዚያ እንኳ ባለ ባሩድ ናቸው፣ ምላጩ ሲገጣጠም ከሚገባው በላይ ማጣበቂያ ስለገባበት ሊባርቁ ይችላሉ ብሎ ከየገዢው ሰብስቧል። በሠለጠነ ፋብሪካ ትርፍ ማጣበቂያ ይህን ካደረገ፣ የእስክሪብቶ ሞላ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

«መቆለፊያ አለው» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። በብዙዎቹ ርካሽ የአየር ጠመንጃዎች መቆለፊያው የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፤ ጥርሷን አይነካትም። ጥርሷ በራሷ ከተንሸራተተች ምላጩ ተቆልፎ ሳለ ጥይቱ ይወጣል። ሌላም አለ፦ አፈሙዙ ተሰብሮ ባለበት ሰዓት ምላጩ ቢሳብ እንኳ እንዳይሠራ የሚከለክል ትንሽ ብረት በአንዳንዱ ጠመንጃ ውስጥ ይኖራል። ምላጭ የሚያለሰልሱ ሰዎች «ምን ይሠራል?» ብለው አውጥተው ይጥሏታል። የምትሠራው ጣት ማዳን ነው። አፈሙዙ እንደተሰበረ ጥርሷ ካመለጠች አፈሙዙ በሞላው ኃይል ወደ ላይ ይስፈነጠራል፤ ጥይት ለመክተት የገባ ጣት መሃል ይቀራል። አፈሙዙ የማይሰበር፣ ከታች ባለ ማንሻ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጣት እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ጥይት ሲከቱ በሌላው እጅ አፈሙዙን ወይም ማንሻውን አጥብቆ መያዝ የግድ የሆነው ለዚህ ነው፤ ምላጩ ቢነካም ባይነካም።

ለደሴ ሰው ብቻ የሚጨመር ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ባለ ሞላ ጠመንጃ ውስጥ ፒስተኑ መጨረሻው ላይ በኃይል እንዳይጋጭ የሚያለዝበው ከፊቱ የሚጨመቀው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ግጭቱ ይበረታል፣ ንዝረቱም ብሎን ያላላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ይህ በመጠኑ ይሻሻላል። ብርዱም አለ፦ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጠዋት ጠዋት ግሪስ ይወፍራል፣ ጥርሷም ወደ ቦታዋ ለመመለስ ትዘገያለች። በኮምቦልቻ ቀትር ተሞክሮ ልክ ነው የተባለ የቀለለ ምላጭ በደሴ ማለዳ ልክ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ተኳሹ። በኦሎምፒክ የአስር ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በዚያ ውድድር ለጠመንጃ ምላጭ ዝቅተኛ ክብደት አልተደነገገም፣ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎችም ከ100 ግራም በታች ያደርጉታል። ለሽጉጡ ግን ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ500 ግራም በታች አይፈቅድም። እነዚያ ምላጮች ለዚያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ተኳሹ ጥይት የሚከተው መስመሩ ላይ ቆሞ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ብቻ ዞሮ፣ ዳኛ ሲፈቅድ ነው። ከመስመሩ ውጭ ጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን የሚያሳይ ደማቅ ክር ገብቶበት ይታያል።

በእኛ አገር ከተሞች በበዓል ሰሞን ሰው በሚበዛበት ሜዳ ዳር የሚዘረጋው የኢላማ ጨዋታ ከዚህ ጋር አይገናኝም። አንድ ጠመንጃ በቀን በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። አንዱ ተኩሶ ሳይጨርስ ሌላው ለመቀበል እጁን ዘርግቷል፤ ልጆች ከኢላማው ጎን ቆመው «መታ! ሳተ!» ይላሉ፤ ከኢላማው ጀርባ ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ካለ ጥይቷ ነጥራ ትመለሳለች። እዚህ ቦታ ላይ ከባዱ ምላጭ የቀረው ብቸኛ ጠባቂ ነው። አከራዩ ደንበኛ እንዲበዛለት ሲያለሰልሰው ያን ጠባቂ አሰናበተው ማለት ነው። በእኔ እምነት በገንዘብ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ጠመንጃ ምላጩ በፋብሪካው ክብደት መቆየት አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር አይታየኝም።

«አሻንጉሊት እኮ ነው» ለሚለው፦ ኦስትሪያ በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠራዊቷ የተወሰነውን ዢራርዶኒ የተባለ የአየር ጠመንጃ አስታጥቃ ነበር፤ አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ አሜሪካን ሲያቋርጡም የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት የሚተኩሱት እንደ ዓይነታቸው በሴኮንድ ከ150 እስከ 300 ሜትር ይልኳታል። ትንሿ ጥይት ቆዳ ለመብሳት በሴኮንድ 100 ሜትር ገደማ፣ ትልቋ 75 ገደማ ይበቃታል። ለዓይን ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ያልጎረሰ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል። የአየር ጠመንጃ ላይ ግን ጎርሶም ማንም አይፈራውም፤ አደጋውም ከዚያ ይጀምራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ዴዚ የተባለውን አምራች የከሰሰው ጥይት ውስጡ ተደብቆ ስለሚቀር ተኳሹ ባዶ ነው ብሎ በሚያምነው ጠመንጃ ሰው ይመታል ብሎ ነበር። በክሱ ቢያንስ 15 ሞትና 171 ከባድ ጉዳት ተጠቅሷል፤ ከተጎዱት አብዛኞቹ ከ16 ዓመት በታች ነበሩ። ኩባንያው በ2003 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በስምምነት ዘጋው። ባዶ የመሰለ ጠመንጃና የሚያመልጥ ጥርስ ሲገናኙ የሚሆነውን ማስላት ለአንባቢ አልተውም፤ ይገድላል።

ዓይን ከተመታ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ዓይኑን አይሹት፣ አይጫኑት፣ ውሃ አያፍስሱበት፣ የገባ ነገር ካለም ለማውጣት አይሞክሩ። ዓይኑን ሳይነካ ዙሪያው ላይ ብቻ በሚያርፍ ንጹሕ ነገር፣ ለምሳሌ በተቆረጠ የወረቀት ኩባያ፣ ሸፍነው በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል።

ሕጉም ዝም አይልም። ጠመንጃው በአየር ይሠራል ማለት ተጠያቂነቱ ቀለለ ማለት አይደለም፦ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559፣ ሞት ማድረስ ደግሞ በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ መካስ አለበት፤ ሞረድ የያዘውም ሰው በጥፋት ሊጠየቅ የሚችለው በዚህ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የጠመንጃ ነገር ሌላ ክብደት አለው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከገባባቸው አንስቶ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን እስካስታወቀበት ድረስ የሆነውን ነዋሪው አልረሳውም። ከሩቅ የሚታይ ጠመንጃ በአየር ይሥራ በባሩድ ማንም አይለየውም፤ ሳይታሰብ የሚሰማ ተኩስም ሰው ያስደነብራል። ጠመንጃውን ከቤት ሲያወጡ ሸፍነው ይያዙት።

ምላጩ ተነካክቶ እንደሆነ የማያውቁት ጠመንጃ እጅዎ ከገባ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የብሎን ጭንቅላት የተፋቀ፣ ምላጩ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ቦታው ቀርፈፍ ብሎ የሚመለስ፣ ሲቀባበል «ቀጭ» የሚለው ድምፅ አንዳንዴ የሚጠፋ፣ መቆለፊያው ሲነካ የሚንገዋለል። አንዱን እንኳ ካዩ ጥይት አይክተቱበት። ባለሙያዎችም ቢሆኑ ምላጩን አለስልሱ ሲባሉ እምቢ ይበሉ፤ ግሪሱን ማጽዳትና የላላ ብሎን ማጥበቅ ይበቃል፣ ያም ራሱ ብዙ ጊዜ ምላጩን ያሻሽለዋል። አንድ ጊዜ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፤ ከዚያው ፋብሪካ አዲስ መለዋወጫ ካልተገኘለት ያ ጠመንጃ ከአገልግሎት ይውጣ።