ከጦሳ ጫፍ እስከ ቦርከና ዳር፦ የደሴና የኮምቦልቻ አካባቢ የአየር ሁኔታ ለተራራና ለወንዝ ስፖርት

መግቢያ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተጓዥ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ሁለት የአየር ጠባዮችን ያልፋል። ደሴ ላይ ካፖርቱን ቆልፎ ተሳፍሮ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ሹራቡን በክንዱ ይዞ ይወርዳል። ይህ የዕለት ገጠመኝ ለመንገደኛው ጨዋታ ማድመቂያ ቢሆንም፣ ጦሳን ለሚወጣ፣ በይጎፍ ደን ውስጥ ለሚጓዝ፣ በቦርከና ሸለቆ ለሚራመድ ወይም በሐይቅ ላይ ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ነው። አንደኛ፣ የከተማውን የአየር ትንበያ አይቶ የወጣ ሰው በተራራው ላይ የተለየ አየር የሚገጥመው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ፀሐይ በወጣበት ሥፍራና ሰዓት ወንዝ በድንገት የሚሞላው እንዴት ነው?

ከፍታና ሙቀት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በከባቢ አየር የታችኛው ክፍል የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የ650 ሜትሩ ልዩነት ብቻ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ያስከትላል። ከደሴ ተነሥቶ ተጨማሪ 500 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ 3 ዲግሪ ያጣል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ሲያሳይ፣ በተራራው ላይ ያለው ሰው በ13 ዲግሪ አየር ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ በራሱ አያስፈራም። አደጋው የሚመጣው ነፋስና እርጥበት ሲጨመሩበት ነው። ሽቅብ ሲወጣ ያላበው ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ ሲያርፍ ነፋሱ ላቡን እያተነነ የሰውነቱን ሙቀት ይወስዳል። ልብሱ በዝናብ ከራሰማ ከ10 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥም ቢሆን የሰውነት ሙቀት ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰርና የእግር መወላከፍ ምልክቶቹ ናቸው።

በአንጻሩ በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌላ ችግር ይከተላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሐይን የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ፣ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ተጓዡ ቃጠሎውን የሚያውቀው ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሦስቱ ወቅቶች

ደቡብ ወሎ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በልግ አነስተኛና የማይጨበጥ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ዋናው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከፍተኛውን ዝናብ ይይዛሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ ነው።

ለተራራ ጉዞ ተመራጩ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለው የበጋ ወራት ነው። ይሁን እንጂ መስከረም ጠብቷል፣ ዝናቡም አቁሟል ብሎ ወዲያው ገደል ሥር መጓዝ አይመከርም። ክረምቱን ውኃ የጠጣው አፈር ዝናቡ ካባራ በኋላም ክብደቱን እንደያዘ ይቆያል፤ በደሴ ዙሪያ ባሉ ተዳፋቶች የመሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ስለምትለቅ በደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ቦታ ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት ድንኳን ለመትከል የሸለቆ ወለል ከመካከለኛው ተዳፋት ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ጉምና መብረቅ

ደሴ የተቀመጠችው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚያዘቀዝቁበት ጠርዝ ላይ ነው። ከምሥራቅ የሚነፍስ እርጥበት አዘል አየር ይህን ጠርዝ ሲገጥም ከመውጣት በቀር መንገድ የለውም። ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው ተን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። ከታች ለሚያየው ሰው ደመና የሆነው ነገር ተራራው ላይ ላለው ሰው ጉም ነው። በተለይ በበልግ ወራት ሐረጎና የጦሳ ግርጌ በጉም ተሸፍነው ኮምቦልቻ ፀሐይ ልትሞቅ ትችላለች።

መብረቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ ደመናው ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይከተላል። ስለዚህ በዝናብ ወራት የሚወጣ ቡድን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከጫፉ መውረድ መጀመር አለበት። የመብረቁን ርቀት ማወቅም አያስቸግርም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያሉትን ሰከንዶች ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ውጤቱ ከ10 በታች ከሆነ ከጫፉ መውረድና ለብቻው ከቆመ ባሕር ዛፍ መራቅ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያሻል።

ቦርከና፦ ያልዘነበበት ጎርፍ

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ውኃውን ሰብስቦ፣ በከተማዋ በኩል አልፎ፣ በጠባብ ገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ኃይለኛ፣ የተራሮቹ አፈር ስስ፣ የከተማዋ ጣሪያና አስፋልት ደግሞ ውኃ የማያሰርግ ነው። በላይ ለአንድ ሰዓት የጣለ ዶፍ ወደ ወንዙ ለመግባት ብዙ አይቆይም።

በምሳሌ እናስላው። የጎርፉ ግንባር በሰከንድ 2.5 ሜትር ይጓዛል ብንል፣ 25 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ደሴ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የጣለ ዝናብ ኮምቦልቻ አጠገብ የሚደርሰው ወደ 12 ሰዓት ሲቃረብ፣ ብርሃን ሲደክም ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ያለው ወጣት በላዩ ላይ ጠብታ አላረፈችበትም፤ ምናልባትም ሰማዩ ጠርቷል። ደራሽ ውኃ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚታየው ሰማይ ሳይሆን በወንዙ ራስ ላይ ያለው ሰማይ ነው መመርመር ያለበት። የውኃው በድንገት መደፍረስ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ መምጣቱና ከላይ የሚሰማ ጉርምርምታ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ተከትሎ የሚደረገው ዕቃ መሰብሰብ ሳይሆን ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

ወንዝ መሻገርም ሊናቅ አይገባም። የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በእግር ላይ የሚያሳድረው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 የብሪታንያው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን ዐባይን በክረምት ሙላት በጀልባ ሲወርድ፣ ከአባላቱ አንዱ ሕይወቱን ያጣው ዋናውን ወንዝ ሲቀዝፍ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነበር።

በሐይቅ ላይ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ከነፋስ ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት እንደ መስተዋት የረጋው ውኃ፣ ከሰዓት በኋላ በተራሮቹና በውኃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሚያስነሣው ነፋስ ሊናወጥ ይችላል። ታንኳ በጠዋት ይቀዘፋል፤ መመለሻውም አስቀድሞ ይታሰባል።

የስልክ ትንበያ ወሰን

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ጦሳ ስንወጣ የስልካችን ትንበያ «ከፊል ፀሐያማ» ይል ነበር። ከጫፉ ሳንደርስ ጉም ወረደና እርስ በርሳችን በድምፅ ብቻ መፈላለግ ጀመርን። ባለንበት ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን፣ ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ ከተቀመጥንበት ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ አየነው።

ትንበያው ዋሽቶ አልነበረም። ዓለም አቀፍ የትንበያ ሞዴሎች ምድርን የሚያዩት 10 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ነው። በደሴ ዙሪያ እንዲህ ያለ አንድ አራት ማዕዘን ጫፍን፣ ከተማንና ሸለቆን በአንድነት ይጠቀልላል። ሞዴሉ ለሁሉም አንድ አማካይ ከፍታ ይሰጣቸዋል፤ ጦሳ በሞዴሉ ውስጥ ተራራ አይደለም። የኮምቦልቻ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የሚመዘግበው መረጃም ቢሆን እውነተኛነቱ ለቆመበት ከፍታ ነው። በመሆኑም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ የቀኑን አጠቃላይ አዝማሚያ ለማወቅ ሲጠቅም፣ የሙቀቱን ቁጥር በከፍታ ልዩነት ማስተካከል፣ ደመናውንና ነፋሱን ደግሞ በዓይን መከታተል የተጓዡ ድርሻ ይሆናል።

መደምደሚያ

በዚህ አካባቢ አየሩ የሚለዋወጠው በቀናት ብቻ ሳይሆን በከፍታና በሰዓትም ነው። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ አጭር ነው፦ በጠዋት መነሣት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን መመለስ፣ ደረቅ ልብስ መያዝ፣ ጉም ሲወርድ ባሉበት መቆየት፣ ወንዝ ዳር ከመውረድ በፊት በላይ ወዳለ ወዳጅ ደውሎ «ዘንቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለምርምርም በር ይከፍታል። በቦርከና ራስ ላይ የሚተከሉ ጥቂት የዝናብ መለኪያዎችና በድልድዮች ላይ የሚሰመር የውኃ ከፍታ ምልክት፣ ዝናቡ በጣለበትና ጎርፉ በደረሰበት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት በስሌት ሳይሆን በልኬት ያሳዩናል። ከላይ በምሳሌ የተሰላው ጊዜ በልኬት ከታወቀ፣ ወንዝ ዳር ላለው ሰው ከአደጋው የሚወጣበት ጊዜ ይሆንለታል።