የጋፋት መድፍ ለምን ዘገየ?

የእንግሊዝ ቆንስል ቻርልስ ዱንካን ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. መባቻ አጼ ቴዎድሮስ ፊት ሲቀርብ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ አንድ ጥንድ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ከእሱ በፊት ቆንስል ሆኖ ጎንደር አቅራቢያ ለተገደለው ለፕላውደን ንጉሡ ላደረጉለት ደግነት የምስጋና ምልክት መሆኑ በላዩ ተቀርጿል። ስጦታው ያማረ ነው፣ ከለንደን ተነሥቶም ባለቤቱ እጅ ደርሷል። ንጉሡ አጥብቀው የሚሹት ግን የተሠራ መሣሪያ ሳይሆን የሚሠራ ሰው ነበር። ያ ሰው ደግሞ አልመጣም። በደብረ ታቦርና አካባቢዋ ስለ ጋፋት ሲወራ ሁሌም የሚነሣው እዚያ የተሠራችው ትልቅ መድፍ፣ የሴባስቶፖል ግዝፈት ነው። ከግዝፈቷ ይልቅ ሊነገር የሚገባው የመዘግየቷ ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከንግሥናው በፊት ነው። የቋራው ካሳ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። የካሳ ሰዎች በጀግንነት የሚታሙ አልነበሩም፤ ምሽግ ይዞ በሥርዓት የሚተኩሰውን ጦርና መድፉን ግን አልቻሉትም። ካሳ ከዚያ ሽንፈት የወሰዱት ትምህርት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ከሐሳባቸው ፊተኛው ነበር።

ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ጋፋት የተመረጠው ለዚህ ነው። እዚያ የሰፈሩት አውሮፓውያን ግን መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የተላኩ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር እንዲያስተምሩ የታሰቡ ወጣቶች ናቸው፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ከእነሱ ጋር ፈረንሳዊው የጠመንጃ ባለሙያ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆል ነበሩ። አናጢነት፣ ግንበኝነትና ብረት ሥራ ያውቃሉ። ንጉሡ መድፍ አቅልጣችሁ አፍስሱልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ቴዎድሮስ መልሱን አልተቀበሉም። አገልጋዮቻቸውን አስረው እንዲሞክሩ አስገደዷቸው፤ ቫልድማየር ራሱ ይህን በኋላ ጽፎታል። የመጀመሪያ ሙከራዎቹ ከሸፉ።

ለምን ከሸፉ? መድፍ ማፍሰስ ከማረሻና ከጎራዴ ሥራ ፈጽሞ ይለያል። ባለ እጁ ማረሻ ሲሠራ ብረቱን በከሰል አግሎ፣ በወናፍ እያናፋ፣ በመዶሻ እየደጋገመ ይቀጠቅጠዋል። ቢሳሳት መልሶ እሳት ውስጥ ይከተዋል። መድፍ ግን በአንድ ጊዜ ይፈሳል። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው ነሐስ ሆነው እንዲቀልጡ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል፤ በደንብ እንዲፈስ ደግሞ ከዚያም ከፍ ማለት አለበት። ያን ሙቀት ለብዙ ሰዓት የሚችል ጡብ የሚወጣው ከማንኛውም አፈር አይደለም። ተራ ሸክላ ይሰነጠቃል፣ ይቀልጣል፣ እቶኑ በራሱ ላይ ይናዳል። ትክክለኛውን አፈር ማግኘት የሚቻለው እየቆፈሩ፣ እያቦኩ፣ እየተኮሱና እያበላሹ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የጭቃው ቅርጽ አለ። ውስጡ የቀረ ትንሽ እርጥበት የቀለጠ ብረት ሲነካው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፣ አጠገቡ የቆመውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እስከ ልቡ መድረቅ አለበት። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከጉና ሥር፣ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ሐምሌና ነሐሴ ልብስ እንኳ አይደርቅባትም። በዚህ ከፍታ አየሩም ስስ ነው፤ እሳቱ በቂ ነፋስ እንዲያገኝ ወናፉ ከቆላው ይልቅ አብዝቶ መሥራት ይኖርበታል። ትልቅ መድፍ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ሳይቆራረጥ መፍሰስ ስላለበት ከአንድ በላይ እቶን በእኩል ሰዓት እኩል ማቅለጥ ያስፈልጋል። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይበላሻል።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳይኖራቸው፣ ሙያውን የተካነ ሰው ከጎናቸው ሳይቆም ተማሩት። እንዲህ ዓይነቱ መዘግየት የድክመት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ትምህርት ቤት ነበር።

ንድፉ ያለው ፋብሪካ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ኪስ የሚገባው የጀርመን ሽጉጥ ዋልተር ፒፒኬ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ2002 ጀምሮ ሲያመርተው ቆይቶ፣ በ2009 ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ የሚችል እንከን ስለተገኘበት የሸጠውን መልሶ ሰበሰበ። ዋልተር ራሱ አርካንሳስ በሚገኘው ፋብሪካው ዳግም አምርቶ ገበያ እስኪያወጣው ሌላ አሥር ዓመት ገደማ አለፈ። ሥዕሉ በእጅ ነው፣ ማሽኑ በኮምፒውተር ይነዳል፣ ሽጉጡም በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ሆኖም የጥንት መሣሪያን ዳግም መሥራት ሥዕሉን ከመሳቢያ ማውጣት ብቻ አይደለም። ያን ሥዕል ያነብ የነበረው እጅ ጡረታ ይወጣል፣ መቁረጫው ይለወጣል፣ የብረቱ ዓይነት ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ፍተሻ ይጠይቃል። ጋፋት ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም።

የእጅ ሥራው መዘግየት እየተቃለለ ሄደ። መጀመሪያ ትናንሾቹ ሞርታሮች ተሳኩ፣ ኋላም ትልልቆቹ። ወጣት ኢትዮጵያውያን ከእቶኑ ሥር ሙያውን ይማሩ ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀጥቃጭና ጠይብ እየተባለ ባለ እጅ በሚናቅበትና በሚፈራበት ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው አጠገብ ይውሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው።

ያልተቃለለው የወረቀቱ መዘግየት ነው። ቴዎድሮስ ጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የካቲት ላይ ለንደን ደረሰ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይሰጥበት መዝገብ ቤት አስቀመጠው። ቆንስሉ መልስ ሳይዝ ቆይቶ በ1856 ዓ.ም. ሲታሰር ነው ለንደን የነቃችው። የንግሥቲቱ መልስ ግንቦት 1856 ዓ.ም. ተጻፈ፤ ይዞት የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ሐምሌ ላይ ምጽዋ ደርሶ ወደ መሀል አገር ለመግባት ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ፊት የቀረበው ጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከጥያቄ እስከ መልስ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቴዎድሮስ ጀርመናዊውን ሚስዮናዊ ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። የተላከበት ጉዳይ ግልጽ ነበር፤ የእጅ ባለሙያዎችና ማሽን። እንግሊዞች ሰዎቹን ቀጠሩ፣ ዕቃውን አዘጋጁ፣ እስከ ምጽዋም አመጡ። ቴዎድሮስ ግን ካሜሮንንና ሌሎቹን አውሮፓውያን እስረኞች አልለቅም አሉ፤ እንግሊዝም እስረኞቹ ሳይለቀቁ ባለሙያ አንሰጥም አለ። ባለሙያዎቹ ባሕሩ ዳር ከርመው በመጡበት ተመለሱ። ጋፋት ከቀይ ባሕር ያን ያህል ቅርብ ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ላይ ንጉሡን ከተጠያቂነት ማውጣት ተገቢ አይሆንም። እንግዳን ማሰር ሙያ አያመጣም፤ ሙያ ያለውን ያሸሻል። ሆኖም የመጀመሪያው ደብዳቤ በጊዜው ቢመለስ ኖሮ እስሩም ላይመጣ ይችል ነበር፤ ካሜሮን የታሰረው ንጉሡ መልስ አጥተው ከቆዩ በኋላ ነውና።

ስለዚህ ትልቋ መሣሪያ በራስ እጅ ተሠራች። ሰባት ቶን ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ስትፈስ የመንግሥቱ ዕድሜ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። መስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። መንገድ አልነበረምና መንገዱ አብሮ ይሠራል፤ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ የጅጣና የበሽሎ ገደሎች እየተጠረቡ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ ወደብና ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች መድፉን አሸክሞ ከሰሜን ይመጣል። ሴባስቶፖል መቅደላ ስትደርስ መጋቢት እያለቀ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ከቪክቶሪያ በተሰጣቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት አውሮፓውያን ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም አስፉሪየህ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትስ ሆል ያፋ ገባ። ለዓመታት በስንት ልፋት የተጠራቀመ እውቀት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተበተነ፤ ከሠራተኞቹ መካከል የቀሩት ኢትዮጵያውያን የተማሩትን የሚሠሩበት እቶን አልነበራቸውም። ከሁሉም መዘግየት ረጅሙ የጀመረው ያኔ ነው። የጋፋት ስም በመሣሪያ ሥራ ላይ ተመልሶ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጋፋት በተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በዚሁ ስም ጠርቶታል።

ለዚያ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የጋፋት ኮረብታ ራሱ ቤተ ሙከራ ሊሆንላቸው ይችላል። የተቃጠለ ጡብ ስብርባሪ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንዳየ ይመረመራል፤ የብረት ዝቃጩ ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ይናገራል፤ ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ ይለያል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለችው የሴባስቶፖል ቅጂ ናት፤ ዋናዋ አሁንም መቅደላ አምባ ላይ ስላለች የእሷን ቅይጥ ከጋፋት ዝቃጭ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ያ ሥራ ከተሠራ የመጀመሪያዎቹ እቶኖች የት ላይ እንደተሰነጠቁ፣ በየትኛው አፈር እንደተስተካከሉ ከአውሮፓውያኑ ማስታወሻ ውጭ፣ ከራሱ ከመሬቱ ማንበብ ይጀመራል።