አሻራው ቤት ውስጥ አይደለም! ለሰነድ ማረጋገጫ ቀጠሮ እንዴት እንዘጋጅ?

እስቲ ይህን አስቡት። በቡሬ ዙሪያ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ይገኛል፤ መድኃኒቷን በአግባቡ ስለምትወስድ ግን ጤናዋ ደህና ነው። ፍኖተ ሰላም ከተማ በስሟ ያለ፣ ያከራየችው ቤት አላት። ማንበብና መጻፍ አትችልም። የ20 ዓመት ልጇ ኪራዩን እንዲሰበስብላት ውክልና ልትሰጠው ፈለገች። ልጁም «እማዬ፣ አንቺ አትልፊ» ብሎ ወረቀቱን አስጽፎ፣ ቤት ውስጥ በአውራ ጣቷ አስፈርሞ ብቻውን ሄደ። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «እናትህስ የት አሉ?» ቀኑም የመኪናውም ገንዘብ ባከነ!

ነገሩ ለማጉላላት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው ያደረገው አሻራ የሚጸናው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። ለምን ቢባል፣ የታመመን ወይም ያልተማረን ሰው የገዛ ዘመዱ እንኳ እንዳያታልለው ነው። ባለሙያው ጽሑፉን አንብቦ፣ ሰውየው በፈቃዱ መፈረሙን ያያል።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት፦

- በክልላችን ሰነድ የሚረጋገጠው በፍትሕ ጽ/ቤት ስለሆነ፣ በዕለቱ መሥራቱንና ምን እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ አጣሩ።
- ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ያዙ። በመታወቂያውና በቤቱ ካርታ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን።
- ዋናውን ማስረጃ ከነኮፒው ያዙ።
- ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ፤ ቀድማ አትፈርም። አልጋ ላይ ከዋለች ባለሙያው ቤት ድረስ መምጣት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።
- ውክልናው ለምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤትስ? ውክልና ለመስጠት የሚያስፈልግ ማስረጃ አይደለም። ምስጢራችሁን ለማንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። «ውክልና ከሰጠሁት፣ ብሞትም ልጄ ይጨርሰዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ውክልና ግን በወካዩ ሞት ይቀራል! ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ መዝጋቢ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ምስክሮቹ ከውርሱ የማይካፈሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ኑዛዜ ባይኖርም ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ነገር ግን ብቻውን የቀረ ወላጅ ለትንሿ ልጁ አሳዳሪና ሞግዚት የሚመርጥበት መንገድ ኑዛዜ ነው። ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ስንት ልጆች ለዘመድ ጠብ ተዳርገው የለ?

ታዲያ ስለ ኑዛዜ ማውራት ሟርት አይደለም። መድኃኒቱ በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአግባቡ የወሰደ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሰነድ የሚዘጋጀውም እንዲህ በጤናና በሰላም ጊዜ፣ ተረጋግቶ ነው። ዛሬ ማታ ከቡና በኋላ መታወቂያውንና ካርታውን አውጥታችሁ ከእናታችሁ ጋር አብራችሁ እዩት። በቀጠሮውም ቀን ብቻችሁን አትሂዱ፤ እሷን ይዛችሁ ሂዱ!