ያልጻፍነውን ማን ይሥለዋል?
ኮምፒውተርን ሥዕል የማዘዝ ጥበብና በስተጀርባው ያለው ፊዚክስ

በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀለም ብንጨምር፣ ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ቅርጹን ጠብቆ ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ እየተበተነ ውኃውን ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ያሲዘዋል። በፊዚክስ ዲፊውዥን የምንለው ክስተት ይህ ነው። የተበተነው ቀለም ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ግን አይተን አናውቅም። በጥቂት ቃላት ታዝዘው ሥዕል የሚሠሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የቆሙት ይህንኑ የማይመለስ ጉዞ በስሌት ወደ ኋላ በመመለስ ሐሳብ ላይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ መምህራን ለማስተማሪያ፣ ተማሪዎችም ለጽሑፎቻቸው ማድመቂያ የሚሆን ሥዕል ከእነዚህ መሣሪያዎች ማግኘት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «ያልጠየቅሁትን ሠራልኝ» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ ከተመለከትን በኋላ፣ ከአሠራሩ በመነሣት የተሻለ ማዘዣ እንዴት እንደሚጻፍ እንመረምራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከብተና ወደ ቅርጽ

በ2015 ጃሻ ሶል-ዲክስታይንና ባልደረቦቹ ሚዛን ላይ ያልደረሱ ሥርዓቶችን ከሚያጠናው የቴርሞዳይናሚክስ ዘርፍ አንድ ሐሳብ ተውሰው አቀረቡ። አንድን ፎቶግራፍ ወስደን በየደረጃው የዘፈቀደ ነጠብጣብ ብንጨምርበት፣ በመጨረሻ ምስሉ ጠፍቶ ነጠብጣቡ ብቻ ይቀራል። አንድ የነርቭ መረብ በየደረጃው የተጨመረውን ነጠብጣብ መገመት ከተማረ ግን፣ ከነጠብጣብ ብቻ ተነሥቶ የገመተውን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ቀድሞ ያልነበረ ምስል ሊያወጣ ይችላል። በ2020 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጆናታን ሆ፣ አጄይ ጄይንና ፒተር አቢል በዚህ መንገድ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ።

ቃላት የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በ2021 ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት 400 ሚሊዮን ምስሎችን ከነመግለጫቸው በመጠቀም ጽሑፍንና ምስልን የሚያዛምድ ክሊፕ የተባለ ሞዴል ይፋ አደረገ። በ2022 ለሕዝብ የተለቀቀው ስቴብል ዲፊውዥን ማዘዣችንን ወደ ቁጥሮች የሚለውጠው በዚሁ ዓይነት ሞዴል ሲሆን፣ ቁጥሮቹ በየደረጃው የሚደረገውን ግምት ወደ አንድ አቅጣጫ ይስባሉ።

ስለዚህ ማዘዣ ለሠዓሊ እንደሚነገር ትእዛዝ ሳይሆን፣ በፊዚክስ የድንበር ሁኔታ እንደምንለው ነው። አንድ እኩልታ ብዙ መፍትሔዎች ሲኖሩት፣ ከመካከላቸው የምንፈልገውን የሚለይልን የድንበር ሁኔታው ነው። ማዘዣችንም የሚቻሉትን ሥዕሎች ክልል ያጠብባል። ያልገደብነውን ግን መሣሪያው ባዶ አይተወውም፤ በተማራቸው ምስሎች ውስጥ በበዛው ነገር ይሞላዋል።

የበዛው የማን ነው?

በ2022 ይፋ የሆነው ላዮን-5ቢ የተባለው የመረጃ ስብስብ 5.85 ቢሊዮን ያህል ምስሎችን ከነመግለጫቸው የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ 2.3 ቢሊዮን ያህሉ የእንግሊዝኛ መግለጫ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች በዋናነት የሠለጠኑትም ከዚሁ የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። እንግዲህ «የቡና ማፍያ» ብለን ብቻ ብንጽፍና የብረት ወይም የመስታወት ዕቃ ቢመጣልን ልንደነቅ አይገባም። ዝም ያልንበትን ቦታ የሌላ አገር ወጥ ቤት ሞልቶታል።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በእነዚያ ሞዴሎች ውስጥ ያለው ክሊፕ ጽሑፍን ወደ ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያነብ ሲሆን፣ መጀመሪያና መጨረሻን ከሚያመለክቱት ሁለት ምልክቶች ጋር ከ77 ቁራጭ በላይ አይቀበልም። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቁራጭ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ግን በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ስለሚይዝ እስከ 3 ቁራጭ ሊከፈል ይችላል፤ አንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቦታውን ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከወጡት ሞዴሎች ረዘም ያለ ጽሑፍ የሚቀበሉ አሉ። ያም ሆኖ አንድን ማዘዣ በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ ውጤቱን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው።

ማዘዣ እንዴት ይጻፍ?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል እዚህም ይሠራል። ከላይ ካየነው አሠራር አምስት ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ስም ብቻ አንጥራ፤ ዓይን የሚያየውን እንግለጽ። ሞዴሉ «ጀበና» የሚለውን ቃል ባያውቀው እንኳ «ጥቁር የሸክላ ዕቃ፣ ክብ ሆድ፣ ረጅምና ቀጭን አንገት፣ በጎኑ እጀታ ያለው፣ በከሰል ምድጃ ላይ የተቀመጠ» ብንል የእያንዳንዱን ትርጉም ሊያውቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ብርሃኑን እንወስን። ምንጩ ምንድን ነው? ከየት አቅጣጫና ከምን ያህል ከፍታ ይመጣል? «ማለዳ፣ ከግራ በኩል በመስኮት የሚገባ ብርሃን» የሚለው ሐረግ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ አብሮ ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ የእይታውን ቦታና የሥዕሉን ዓይነት እንጥቀስ። ከቅርብ ነው ከሩቅ? ከላይ ነው ከዓይን ትይዩ? ፎቶግራፍ ነው፣ የእርሳስ ንድፍ ወይስ የውኃ ቀለም? «እጅግ ውብ» የሚለው ውዳሴ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም።

አራተኛ፣ ከአሉታ እንጠንቀቅ። «ሰው የሌለበት መንገድ» ስንል «ሰው» የሚለው ቃል ራሱ ሥዕሉን ወደ ሰው ሊስበው ይችላል። «ጭር ያለ መንገድ» ማለት ይሻላል፤ መሣሪያው ለማይፈለጉ ነገሮች የተለየ ሣጥን ካለውም «ሰው» የሚለውን እዚያ እንጻፍ።

አምስተኛ፣ እንደ ቤተ ሙከራ እንሥራ። መነሻውን ነጠብጣብ የሚወስን ቁጥር አለ፤ መሣሪያው ከፈቀደ ይህን ቁጥር ሳንቀይር በየሙከራው አንድ ቃል ብቻ እንለውጥ። ያን ጊዜ የትኛው ቃል ምን እንደሠራ እናውቃለን። ሥዕሉ ለማዘዣው የሚኖረውን ታማኝነት የሚወስን ቁጥርም አለ። ስቴብል ዲፊውዥን በመጀመሪያ ሲቀርብ 7.5 ነበር። ይህን ቁጥር ከልክ በላይ ማሳደግ ቀለሙን ያጋንነዋል።

ቃል የማይደርስበት

ጥሩ ማዘዣ ግን የእውነት ዋስትና አይደለም። ለክፍል ማስተማሪያ የቀስተ ደመና ሥዕል አዘዝን እንበል። ቀስቱ የሚታየው በዝናቡ ጠብታዎች ውስጥ ሲሆን፣ ፀሐይ ከተመልካቹ በስተጀርባ ናት፤ ቀስቱም ከፀሐይ ትይዩ ከሆነው ነጥብ 42 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ስለሆነም ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ የቆመ ሰው በዝናብ ውስጥ ቀስተ ደመና አያይም። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ57 ዲግሪ በታች አትወርድም። ከከፍታ ወደ ፏፏቴ ጢስ ቁልቁል ካልተመለከትን በቀር፣ የአዲስ አበባ የቀትር ቀስተ ደመና የለም።

መሣሪያው ግን ፀሐይንና ቀስተ ደመናን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ያውም በቀትር፣ አሳምሮ ሊሥል ይችላል። የተማረው የምስሎችን መመሳሰል እንጂ የብርሃንን መሰበር ሕግ አይደለምና። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪው ሥዕሉን ብቻ ተመልክቶ ያምናል፤ በዓይን የገባ ስሕተትም በቃል ብቻ በቀላሉ አይታረምም።

ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት ማወቅ፣ ካዘዝን በኋላም መመርመር ግዴታችን ነው። የምናውቀውን ያህል በማዘዣው ላይ እናስፍር፤ የወጣውን ሥዕል ከተፈጥሮ ሕግና ከባህላችን ጋር እናመሳክር፤ ለተማሪ ስናቀርበውም በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን ከሥሩ እንጻፍ።