ስለ ስቴለንቦሽ የወይን አገር፤ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ሊያየው ስለሚገባው ነገር

የወይን ጠጅ አገር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጠርሙስና ብርጭቆ ብቻ ነው። ዳሩ ግን የእርሻን ነገር እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ለዕረፍት ወደዚህ ዓይነቱ አገር ቢሄድ፥ ከጠርሙሱ በፊት መሬቱን፥ ከመሬቱም ጋር የሠራተኛውን ኑሮ ሊመለከት ይገባዋል። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ ስላለው ስለ ስቴለንቦሽ አገር ጥቂት እንጽፋለን። ከዚህ በታች የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስቴለንቦሽ ከኬፕ ታውን ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1679 የኬፕ ገዥ የነበረው ሲሞን ፋን ደር ስቴል ቆረቆራት፤ ስሟም ከእርሱ ስም የወጣ ነው። በመንገዶቿ ዳር ኦክ የሚባለው ዛፍ በብዛት ስለ ተተከለ የኦክ ከተማ ትባላለች። በኬፕ ምድር መጀመሪያ የወይን ጠጅ የተጠመቀው ግን ከዚያ ቀድሞ በ1659 ነው።

አስቀድሞ ወራቱን መምረጥ ያሻል። በዚያ አገር ዝናቡ የሚበረታው በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ስለ ሆነ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን የእኛ ቡቃያ በሚለመልምበት ጊዜ የእነርሱ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ፍሬው የሚለቀመው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የፀሐይ ሙቀት ፍሬውን እንዳይጎዳው ለቀማው ብዙ ጊዜ በማለዳ ይጀመራል፤ ስለዚህ ሥራውን ለማየት የሚሻ እንግዳ ማልዶ ይነሣ።

በተክሉ መካከል ሲመላለስ ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛው፥ በግንዱ ላይ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታየው ጠባሳ ነው። በ1886 ፊሎክሴራ የሚባል፥ የወይኑን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቅ ጥቃቅን ተባይ በኬፕ ስለ ተገኘ፥ ብዙ የወይን ቦታ ጠፋ። መድኃኒቱም ተባዩን ከሚችለው ከአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ማጋጠም ሆነ። ጠባሳው የዚህ ምልክት ነው። ሁለተኛው፥ በየመስመሩ ጫፍ የተተከለው ጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ የሻጋታ በሽታ ፈጥኖ ስለሚይዘው፥ የቀድሞ ገበሬዎች ወይኑ ሳይታመም አስቀድመው ማስጠንቀቂያ ያገኙበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ መጥመቂያው ቤት ይገባል። ቀዩ ጠጅ ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከፍሬው ልጣጭ ጋር አብሮ ስለሚፈላ ነው፤ ነጩ ግን ልጣጩ አስቀድሞ ይለይለታል። በዚህ ቤት እንግዳው ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳለት ይቀምሳል፤ ቀምሶም በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም። ፒኖታዥ የሚባለውን ቀይ ጠጅ ሳይቀምሱ መመለስ ግን አይገባም። ይህን የወይን ዓይነት በ1925 ፕሮፌሰር አብራሃም ፔሮልድ ፒኖ ኗርንና ሲንሶን አዳቅሎ በዚያው በስቴለንቦሽ አስገኘው። መጀመሪያም ከአራት ዘር ብቻ እንደ በቀለ ይነገራል።

እንግዶች ወደ እርሻው መምጣት የለመዱት በዕድል አይደለም። ፍራንስ ማላን የሚባል ገበሬ በፈረንሳይ አገር የወይን መንገድ አይቶ ሲመለስ፥ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተማከረ፤ በ1971ም ሦስቱ ሲሞንሲግ፥ ዴልሃይምና ስፒር የተባሉትን እርሻዎቻቸውን በአንድ መንገድ አያይዘው ለእንግዳ ከፈቱ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው የወይን መንገድ ይህ ነበር። ዛሬ ከ100 የሚበልጡ እርሻዎች ገብተውበታል። ጎረቤታሞች ገበያ ከመሻማት ይልቅ ገበያውን በአንድነት ቢጠሩት ለሁሉ እንደሚበቃ ይህ ያስረዳል።

ጠጅ የማይጠጣ ሰውም የሚያየው አያጣም። በከተማይቱ ውስጥ አራት ጥንታዊ ቤቶች እንደየዘመናቸው ዕቃ ተሰናድተው ይታያሉ፤ ከእነርሱም የቀደመው በ1709 የተሠራ ነው። በእግር መሄድ የሚወድ ወደ ዮንከርስሁክ ሸለቆ ይውጣ፤ በዚያ ተራራውና ፏፏቴው ተጠብቆ ይኖራል። ከሃይማኖት ስደት ያመለጡ ፈረንሳውያን ከ1688 ጀምሮ በሰፈሩበት በፍራንስሁክ ደግሞ፥ ከ2012 ወዲህ እንግዶችን ከእርሻ ወደ እርሻ የሚያመላልስ ባቡር አለ፤ የቀመሰ ሰው መኪና እንዳይነዳ የሚረዳ መልካም ሥርዓት ነው።

ነገር ግን የዚህን አገር ውበት ያየ ሰው፥ ማን እንዳቀናው ሳይጠይቅ አይመለስ። ወይኑን የተከሉትና ነጫጮቹን ቤቶች የሠሩት ከምሥራቅ አፍሪካ፥ ከማዳጋስካር፥ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጡ ባሮች ጭምር ነበሩ። ባርነት በ1834 በሕግ ቢቀርም፥ በእርግጥ የተለቀቁት በ1838 ነው። በተራራው ማለፊያ አጠገብ ያለችው ፕኒኤል የምትባለው መንደር በ1843 ነፃ ለወጡት ሰዎች የተመሠረተች ናትና ሄዶ መጎብኘት ይገባል።

ከነፃነትም በኋላ የቀረ ክፉ ልማድ ነበረ። ዶፕ ይባላል፤ ይኸውም ለእርሻው ሠራተኛ ከደመወዙ ከፊሉን በወይን ጠጅ መክፈል ነው። ሕግ ከከለከለው በኋላ እንኳ ተቆጣጣሪ ስለ ላላ፥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆየ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ከመጠጣታቸው የተነሣ በማኅፀን ሳሉ የሚጎዱ ሕፃናት ቍጥር በዚህ ክፍለ አገር በዓለም ከታወቁት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሕጉ ቃል በወረቀት ላይ ቀርቶ የሹም ዓይን በእርሻው ላይ ካልደረሰ፥ ጉዳቱ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በአገራችንም በዝዋይ አካባቢ ወይን ይመረታል፤ ቡናውና ማሩማ በየአውራጃው አለ። እንግዳ እንዲመጣ መንገድ መጥረግና ማረፊያ ማሰናዳት የሹም ሥራ ነው። ይልቁንም እንግዳው ከፍሎ ከሄደው ገንዘብ ለለቃሚው የሚገባው በእጁ መድረሱን መመርመር የሹም ዋና ሥራ ነው። ስቴለንቦሽን በዚህ ዓይን የጎበኘ ሰው፥ ዕረፍቱም ትምህርቱም አንድ ላይ ይሆንለታል።